ጨረቃዋ ቀጭን ናት

ኅዳር 12

ይህን ደብተር የጀመርኩት ከውሰር አዝዛኝ ነው። ከውሰር የታናሽ ወንድሜ የአብዱልባሲጥ ሚስት ናት፤ አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት። ጠዋት ደውላ፣ «ሐኪሟ ስለ ዓይንሽ ብዙ ትጠይቅሻለች። ከአሁኑ ጻፊው፤ መቼ እንደሚደርቅብሽ፣ መቼ እንደሚያምሽ» አለችኝ። እሺ አልኩ።

እንግዲህ ስለ ዓይኔ። ሁለቱም ሩቅ አያዩም። ቀኙ አምስት ተኩል፣ ግራው አምስት ቁጥር ነው። መነፅሬን ካወለቅኩ ከስንዝር ወዲያ ያለው ሁሉ ጉም ነው። ባሌ መሐመድዘይን የሩዝ መፈተጊያ አለው፤ እኔ ፊት ለፊቱ ባለችው ሱቅ ሙሉውን ፍሬ ከስባሪው እየለየሁ እሸጣለሁ። ኅዳር ሲገባ የፎገራ ገበሬ ሩዙን አጭዶ ወደ ከተማችን ወደ ወረታ ያግዛል። መፈተጊያው ከጠዋት እስከ ማታ ያጓራል፤ ብናኙ መጥቶ መነፅሬ ላይ ይተኛል። በሻሼ ስጠርገው ይጫጫራል። በዓመት ሁለት መነፅር እፈጃለሁ።

በጨረር መታከም የፈለግኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። የሚያስፈልገው ገንዘብም ተሟልቷል፤ ስለሱ ደግሜ አልጽፍም።

ኅዳር 13

ሌላ ምክንያት አለኝ። ይህን ገጽ ለከውሰር አላሳይም።

አባባ፣ አባቴ አብዱልአሊም ማለት ነው፣ በከተማችን ጨረቃ በማየት የታወቁ ናቸው። ረመዷን ሊገባ ሲል ሰው ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ ሩዝ የሚዘራበት ሜዳ ላይ ይወጣል። እስከ ጣና ድረስ ሜዳ ስለሆነ ሰማዩን የሚጋርድ ነገር የለም። ሁሉም ዓይኑን ያጠባል፤ «ያቻት!» የሚሉት ግን አባባ ናቸው፤ ሁልጊዜ ቀድመው። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ከጎናቸው እቆም ነበር።

«አየሻት ሀሚዳ?»

«አየኋት አባባ።»

«እስቲ ምን ትመስላለች?»

«ቀጭን ናት።»

ምንም አላየሁም። አንድም ዓመት አይቼ አላውቅም። የረመዷን ጨረቃ ወፍራም ሆና ስለማታውቅ ግን አንድም ዓመት ተይዤ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት «ቀጭን ናት» ስል ኖርኩ። መነፅር ካደረግኩም በኋላ ሞክሬአለሁ፤ ጭረቱ ሁሉ ጨረቃ ይመስለኛል። አንድ ዓመት እርግጠኛ ሆኜ «ያቻት!» ብዬ ጣቴን ብቀስር፣ አባባ «ወደ ሱዳን ስንፈልግ አንቺ ወደ ደብረ ታቦር ታሳይኛለሽ?» ብለው ሰዉን አሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ።

አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳልዋሽ ማየት እፈልጋለሁ። ጾም በሚገባበት ዋዜማ ውሸት ተናግሮ መግባት ደስ አይልም። ረመዷን የሚገባው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው።

ኅዳር 19

ጥድፊያ። ወረፋው እስከ አስፋልቱ። መነፅሬ ዛሬ በላብ እየተንሸራተተ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ሦስተኛው ሩዝ ክምር ውስጥ። ሩዝ ውስጥ የወደቀ መነፅር ለመፈለግ መነፅር ያስፈልጋል።

ልጄ ሰሚያ (ስምንት ዓመቷ ነው) ቴሌቪዥኑ ላይ አፍንጫዋን ካልደፋች አታይም። «ፈቀቅ በይ!» እላታለሁ፤ ፈቀቅ ትላለች። ዞር ስል ተመልሳ እዚያው። ልጅ መቼም አይሰማ።

ኅዳር 27

ዙፋን ከሱቄ ጎን ባልዲና ጀሪካን የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። ዛሬ ባልዲ ደርድራ ስትጨርስ መጥታ ደፌ ላይ ተቀመጠች።

«አራት ዓይናዬ፣ ልትታከሚው ነው አሉ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ባልሽ ነዋ። እሱ ምን ይደብቃል።»

መሐመድዘይን ወንፊት ነው፤ ወሬ አይቋጥርም። በጎንደር አራት ዓይና የሚባለው የቤተ ክህነቱን አራቱን ጉባኤ አጥንቶ የጨረሰ ሊቅ ነው። ዙፋን ግን መነፅር ካደረግኩበት ቀን ጀምሮ ማዕረጉን ለእኔ ሰጥታዋለች። «ሰው በሹመት ላይ ሹመት ይደርባል እንጂ» አለች፣ «ከአራት ዓይና ወደ ሁለት ዓይና የሚወርድ የት አገር አለ?» ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ልትሄድ ስትነሳ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዓይን እኮ ነው እታለም። እግር ቢሆን ቢያነክስም ይኬድበታል» አለችኝ። እሷ ከሄደች በኋላ ለአንዱ ደንበኛ ስባሪውን ከሙሉው ጋር ደባልቄ ሰፈርኩለት።

ታኅሣሥ 4

አባባ መጡ። ገና ከመቀመጣቸው፣ «ልጅሽ ኩራት ጀምራለች» አሉኝ። በአስፋልቱ ማዶ ሲያልፉ እያየቻቸው ሰላም ሳትል ሄደች። ሰሚያን ጠራኋት። «አላየኋቸውም» አለች። እንዴት አላየሽም፣ እኒያን የሚያህሉ ሰው፣ በነጭ ጀለቢያ! እጃቸውን ስመሽ ይቅርታ በይ አልኳት። ሳመች። አንገቷን ደፍታ ስትወጣ የበሩ መቃን መታት። ቀልበ ቢስ።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ዓይን የሰጠ አላህ ነው። በዓይን ላይ እሳት ይጫወቷል?»

«እሳት አይደለም አባባ፤ ብርሃን ነው።»

«እሳትስ ብርሃን አይደል?»

እሳቸው ቀጠሉ፤ «እኔን እዪኝ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰማዩ ከጠራ እዚህ ቆሜ የጣራ ገዳምን ዛፍ እቆጥርልሻለሁ። ዓይን ሲያሠሩት ነው የሚሠራ። አንቺ በልጅነትሽ ሰሌዳ ላይ ዓይንሽን አሳርፈሽ አታውቂም።»

ከአምስተኛ ክፍል ያስወጡኝ እሳቸው ናቸው። አስተማሪው «ትፈዛለች፤ አይገባትም» ብሏቸው ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ያኔ ማን ያውቃል። መነፅር ያገኘሁት ካገባሁ በኋላ ነው፤ መሐመድዘይን ባሕር ዳር ወስዶ አስመረመረኝ። እንዲያውም ባሌን በደንብ ያየሁት ካገባሁት ከሰባት ወር በኋላ ነው እያልኩ አስቀዋለሁ። ከዚያ በማታ ትምህርት እስከ አስረኛ ደረስኩ። ፈዛዛ አልነበርኩም ማለት ነው።

አባባ ሲወጡ መረቁኝ። ሳይወዱ መረቁኝ፤ ቢሆንም ምርቃት ምርቃት ነው።

ታኅሣሥ 9

የሰሚያ አስተማሪ፣ መምህር የኔነህ፣ መልእክት ላከብኝ፦ «ሰሚያ ክፍል ውስጥ ትፈዛለች። ቤት ውስጥ የሚያስጨንቃት ነገር አለ?» ምን የሚያስጨንቃት አለ! ስመለስ አነጋግረዋለሁ። አሁን ሻንጣ።

ታኅሣሥ 14

አዲስ አበባ። የባሕር ዳሩ መንገድ ሦስት ቀን ተዘግቶ ትናንት ተከፈተ፤ ከዚያ በአውሮፕላን። አብዱልባሲጥ ከሲቷል፤ ከውሰር ወፍራለች። ለሁለቱም «ተስማምቷችኋል» አልኳቸው።

ታኅሣሥ 15

ምርመራው ግማሽ ቀን ፈጀ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። አገጬን አንድ መሣሪያ ላይ አሳርፋ የዓይኔን መስታወት ካርታ አነሳች። እንደ አገር ካርታ ቀይና ሰማያዊ ነው። ውፍረቱን ለካች። እንባ እንዳለኝ ለማየት በታችኛው ሽፋሽፍቴ ውስጥ ቀጭን ወረቀት ሰክታ አምስት ደቂቃ አስቀመጠችኝ። ብሌኔን የሚያሰፋ ጠብታም ጨመረችልኝ፤ እስከ ማታ ቅርብ ያለ ጽሑፍ ማንበብ አቃተኝ።

ቁጥሬ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳልተለወጠ ከድሮ ወረቀቶቼ አየች። እርጉዝ እንደሆንኩ፣ እንደማጠባ ጠየቀች። አይደለሁም። ለሕክምናው እሆናለሁ፤ ግን የዓይኔ መስታወት ሳሳ ያለ ስለሆነ፣ ልባጩን እንደ ክዳን ከፍተው ከሥር በሚሠሩት ሳይሆን ከላይ በሚሠራው ነው የምታከመው። የላዩን ስስ ቆዳ ያነሱታል፤ በጨረር ያስተካክሉታል፤ ቆዳው በሳምንት ውስጥ ራሱ ተመልሶ ይበቅላል። «ይኼኛው ያማል» አለችኝ፤ «ሦስት ቀን ትረግሚኛለሽ። ለማየትም ቶሎ አይደርስም። ሳምንቱን ሙሉ ብዥ ይላል፤ ከዚያ አንድ ቀን ጥሩ፣ አንድ ቀን መጥፎ። በደንብ እስኪረጋ ሁለት ሦስት ወር።»

በጣቴ ቆጠርኩ። የካቲት ሃያዎቹ ላይ ሁለት ወር ይሞላል።

«አርባ ካለፈሽ በኋላ ደግሞ ለማንበብ መነፅር ማድረግሽ አይቀርም። ጨረር እርጅናን አያስቀርም» አለች። ሳቅን። ከዚያ ልወጣ ስል፣ «ልጆች አሉሽ? የዓይን ነገር በዘር ይሄዳል፤ አስመርምሪያቸው» አለችኝ።

ሰሚያ ዓይኗ እንደ አባቷ ነው አልኳት።

ታኅሣሥ 17

ከውሰር ነኝ የምጽፈው፤ ሀሚዳ ዓይኗን ጨፍና ትነግረኛለች። እንዲህ በይ አለች፦

ሆነ። አለቀ። ሁለቱም ዓይን ሩብ ሰዓት አልሞላም። የሚያደነዝዝ ጠብታ አደረጉልኝ፤ ሽፋሽፍቴ እንዳይከደን በትንሽ ሽቦ ያዙት፤ አረንጓዴ ብርሃን እዪ አሉኝ። ብሩሽ ነገር ዓይኔ ላይ ሲዞር ታወቀኝ፤ አላመመኝም። ከዚያ ማሽኑ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አለ፤ የተቃጠለ ጠጉር ሸተተኝ። አባባ ያሉት እሳት ትዝ አለኝ። ነርሷ እጄን ይዛ ነበር፤ ጨምቄ ጨምቄ ገደልኳት መሰለኝ። ሐኪሟ «ሠላሳ ሰከንድ፣ ሃያ፣ አሥር» እያለች ትቆጥርልኝ ነበር። ሲያልቅ እንደ ፋሻ የሚያገለግል ሌንስ አደረገችልኝ።

እስካሁን ሀሚዳ ናት ያለችው። ከዚህ በታች እኔ ከውሰር፦ ደፋር ናት። የፊቱን ገጾች አላነበብኩም። ጨረቃዋን እንዲያሳያት አላህን ለምኛለሁ።

ታኅሣሥ 18

ያማል።

ታኅሣሥ 19

ሽንኩርት። ከረጢት ሙሉ ሽንኩርት ዓይኔ ውስጥ። መጋረጃው ተዘግቶም ብርሃን ይወጋኛል። መስመሩን ስቼ እንደሆነ አላየውም።

ታኅሣሥ 20

ቀለል አለ። አልሐምዱሊላህ። በየአራት ሰዓቱ አንዱ ጠብታ፤ በየሰዓቱ ሌላው። መንካት የለም። ማሸት የለም። ውሃ የለም። ኩል ለአንድ ወር የለም። ስተኛ የፕላስቲክ ክዳን ታሽጎልኝ ነው፤ እንቁራሪት መስያለሁ ብላ ከውሰር ፎቶ አነሳችኝ። ለሶላት ስታጠብ፣ ውዱዕ ላይ፣ ፊቴን በእርጥብ እጄ ከዓይኔ እየሸሸሁ አብሳለሁ። አብዱልባሲጥ ኡስታዙን ጠይቆልኛል፤ ይበቃል ብለዋል።

ታኅሣሥ 22

ሌንሱ ወጣ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያለ መነፅር አየሁት! ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አላወቅኩም፤ ዘንጎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ለመሐመድዘይን ደውዬ «ሰዓት አየሁ» አልኩት። «ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። «ሂድ ወደ ሥራህ» አልኩት።

ታኅሣሥ 28

ቤቴ ገባሁ። ከባሕር ዳር እስከ ወረታ በጥቁር መነፅር፣ በሻሽ ተሸፋፍኜ። ሰሚያ ደጅ ቆማ ነበር። ከመኪናው ወርጄ ወደሷ ስሄድ ቀጥ ብላ እያየችኝ ዝም አለች፤ እንግዳ እንዳየች። «ሰሚያዬ!» ስላት ነው ሮጣ የመጣችው። በጥቁሩ መነፅር ምክንያት አላወቀችኝም ማለት ነው። አቅፋኝ ፊቷን በጣም አስጠግታ ስታየኝ ቆየች። እንዴት ብናፍቃት ነው!

ጥር 6

መጥፎ ቀን። ሁሉም ነገር ዘይት የተቀባ መስታወት ነው። ሱቅ ገብቼ ሙሉውን ፍሬ ከስባሪው መለየት አቃተኝ፤ በእጄ ነው የለየሁት። መፈተጊያው አጠገብ እንዳልደርስ ተከልክያለሁ። ሁለት ሴቶች ሱቅ ደጃፍ ቆመው «ደህና ዓይኗን አበላሸችው» ሲሉ ሰማሁ። ደህና ዓይን መቼ ነበረኝ?

ግን ቢሆንስ? ለአንዲት ጨረቃ ብዬ፤ ያውም ጎረቤት አይቶ ለሚነግረኝ ጨረቃ። ትዳር አለኝ፣ ልጅ አለኝ፣ ምን ቅብጠት ነው። ሐኪሟ በስልክ፣ «ነግሬሽ ነበር፣ አንድ ቀን ጥሩ አንድ ቀን መጥፎ። ጠብታሽን አታቋርጪ» አለችኝ።

ጥር 12

ጥሩ ቀን! ትናንት ለጥምቀት ዙፋን ነጭ ለብሳ ስትሄድ ከመንገዱ ማዶ የቀሚሷን ጥለት አየሁ። መስቀሉ አረንጓዴና ወርቃማ ነው። ጮኼ ነገርኳት። «ሰው ሁሉ የሚያየውን አይታ ዜና አደረገችው» አለች። ከዚያ ዞር ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ አየኋት፤ እሱንም ከማዶ አየሁት።

ጥር 24

ዛሬ አፍሬአለሁ። መምህር የኔነህ አስጠራኝ። ሰሚያ በፈተና ላይ ስትኮርጅ ተያዘች። እሱ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ እሷ ከጎኗ የተቀመጠችውን ልጅ ወረቀት ታያለች። በዓይኑ ነው የያዛት።

ቤት አምጥቼ ተቆጣኋት። በዚህ ቤት ሌባ የለም፣ ውሸታም የለም አልኳት። (ይህን ስል ትንሽ ጎረበጠኝ።) ልጅቷ እያለቀሰች፣ «ጥያቄውን ነው ያየሁ! ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ መልሱን አላየሁም!» ትላለች። እስቲ አሁን ይህ ምን የሚሉት ሰበብ ነው? ጥያቄው እኮ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል! እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ቴሌቪዥን ከለከልኳት። መሐመድዘይን «አበዛሽው» አለ። ስድብ ሁሉ ተናግሬአለሁ፤ «ፈዛዛ» ብያታለሁ። ያን ቃል ከየት አመጣሁት?

እኔ በልጅነቴ እንዲህ አልነበርኩም።

የካቲት 3

ኩል ተኳልኩ። መሐመድዘይን አይቶ «ይቺ ማናት?» አለ። «ያኔ ሳታይህ ያገባችህ» አልኩት። ከሳቁ ብዛት ሻዩን ደፋው።

ሰሚያ አኩርፋኛለች። ቅጣቷ አልቆም ቴሌቪዥኑ አጠገብ አትደርስም። «ከሩቅ አያስደስትም» አለችኝ።

የካቲት 15

ብዥታው ከቀን ወደ ቀን እየሸሸ ነው። ሲመሽ ብቻ መብራቶች አክሊል ይደፋሉ፤ ባጃጅ ሁሉ እንደ ሙሽራ አጊጦ ይመጣል። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ከሜዳው ላይ የከብቱን ቀንድ ለየብቻ አያለሁ። ፎገራ እንዲህ ሰፊ ነበር እንዴ? እዚህ ተወልጄ እዚህ አድጌ፣ ስፋቱን ዛሬ አየሁት። ደስ ብሎኛል። በቀላሉ፣ ያለ ምክንያት፣ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኛል።

ስድስት ቀን ቀረ።

የካቲት 21

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አለዚያ እረሳለሁ።

ከዐሥር ሰዓት በኋላ መፈተጊያው ዝም አለ። አባባን ይዘን ወደ ሜዳው ወጣን፤ መሐመድዘይን፣ እኔ፣ ሰሚያ። ሰው ተሰብስቧል። የታጨደው ሩዝ ገለባ ከእግር በታች ይንኮሻኮሻል። ፀሐይዋ ወደ ጣና ገባች፤ ሰማዩ መጀመሪያ ብርቱካን፣ ከዚያ የእርጎ ቀለም ያዘ። አባባ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ቆሙ። እኔ ከጎናቸው፤ እንደ ስድስት ዓመቴ።

ምንም የለም። ቢጠፋ ይሻላል እንዲህ ያለ ዓይን አልኩ በሆዴ። ዓይኔን ከድኜ እንባ እስኪያረጥበው ጠበቅኩ፤ ሐኪሟ እንዲህ አድርጊ ብላኝ ነበር። ገለጥኩት።

ነበረች።

እንደ ተቆረጠ ጥፍር፤ ሁለት ቀንድ ወደ ላይ። ከጎኗ የራሷ ጥላ የመሰለ ደብዛዛ እህት አለቻት፤ ብዥታው ገና ስላልጨረሰ ነው። ግን ጭረት አይደለችም። አንገቴን ወደ ግራ አዞርኩ፤ አልተከተለችኝም። መለስኩ፤ ቦታዋ ላይ ናት።

«ያቻት» አልኩ። «አባባ፣ ያቻት!»

አባባ ጣቴን ተከትለው አዩ። «አሏህ አክበር» አሉ፤ «ቀደምሽኝ።» ሰዉ ተንጫጫ፤ አንዱ ለሌላው ያሳያል። እንባዬ ሲወርድ እንዳላሸው እጆቼን አጣምሬ ያዝኩ።

በዚህ መሐል ከጎኔ ሰሚያ መዝለል ጀመረች። «እኔም አየኋት! እማ፣ እኔም አየኋት!»

«አየሻት የኔ ቆንጆ?»

«አየኋት!»

«ምን ትመስላለች?»

ዓይኗን አጥብባ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ጣቴ ጫፍ አየች። ከዚያ ወደ ሰዉ። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ቀጭን ናት።»

ገለባው ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ውሸት አውቀዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ያሳደግኩት ውሸት ነው፤ ቃሉ እንኳ አልተለወጠ። ቴሌቪዥኑ መጣብኝ። በአስፋልቱ ማዶ ያለፉት አባባ። የበሩ መቃን። ከመኪና ስወርድ እንደ እንግዳ ያየችኝ። ሰሌዳው! ጥያቄውን ነው ያየሁ፣ ዓይኔን ግንባር ያርገው፤ እውነቷን ነው፤ ሰሌዳው አይታያትም፤ ጥያቄውን ከጓደኛዋ ወረቀት ነው የምትገለብጠው። እኔም እንዲሁ እገለብጥ ነበር። ሐኪሟ ነግራኝ «ዓይኗ እንደ አባቷ ነው» አልኳት። አንድም ሳይቀር እዚህ ደብተር ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ። ጽፌው አላየሁትም።

ወደ ጭኔ ሳብኳት። በጆሮዋ፣ «ሰሚያ፣ እኔም በልጅነቴ ጨረቃዋ አትታየኝም ነበር። ለአባባ አየኋት እያልኩ እዋሽ ነበር» አልኳት።

ፊቴን አየች፤ በጣም ቀርባ፣ እንደ ልማዷ። «ከዚያስ ተገረፍሽ?»

«አልተገረፍኩም።»

«እኔንም አትገርፊኝም?»

«አልገርፍሽም።»

«እንደዚያ ከሆነ አላየኋትም» አለች።

የካቲት 22

የመጀመሪያው ጾም። ለአባባ ነገርኳቸው፤ ስለ ሰሚያም፣ ስለ እኔ ሠላሳ ዓመትም። መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ቆመ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ከአምስተኛ ክፍል ያስወጣሁሽ በዚህ ነው?» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«ጎኔ ቆመሽ» አሉ። «ያላየሁስ እኔ ነኝ።» ከዚያ ሰሚያን አስጠርተው፣ «በአስፋልቱ ላይ ሰላም ስላላለችኝ ይቅርታ አስጠይቄያታለሁ፣ አሁን እኔ ልጠይቃት ነው» አሉ። ጠየቋትም። ልጅቷ ከረሜላ ካልተጨመረበት አልታረቅም አለች።

እኔ ከረሜላ አልተጠየቅኩም። እኔ በጥፊ እንኳ ብትመታኝ ይገባኝ ነበር።

የካቲት 24

ባሕር ዳር። የሰሚያ ቁጥር ሁለት ከሰባ አምስት ሆነ፤ ሁለቱም ዓይን። «ለምን እንዳንቺ በጨረር አይሠሩኝም?» አለች። ባለሙያው፣ «ዓይንሽ ገና እያደገ ነው፤ ትልቅ ሰው ሆነሽ ቁጥሩ ሲረጋ እንነጋገራለን» አላት። ቀይ ፍሬም መረጠች። እስኪሠራ አምስት ቀን።

መምህር የኔነህን ደውዬ ነገርኩት። «ከሰኞ ጀምሮ ፊት ትቀመጣለች። ፈተናዋንም እንደገና እሰጣታለሁ» አለኝ። ደህና ሰው ነው። እኔ ያላየሁትን እሱ እንዴት ብሎ ያየዋል።

የካቲት 29

መነፅሩን አድርጋ ከባሕር ዳሩ መነፅር ቤት እንደወጣን ሰሌዳ ሁሉ ማንበብ ጀመረች። «ዓሣ ጥብስ! ጎማ እንጠግናለን! እዚህ መሽናት ክልክል ነው!» እስከ ወረታ ድረስ አፏ አልተዘጋም። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ከተማ ስንደርስ ዙፋን ገና ከሩቅ አይታት፣ «ተመስገን፣ የአራት ዓይና ሹመቱ ከቤት አልወጣ!» ብላ ጮኸች።

ካፈጠርን በኋላ እጇን ይዤ ደጅ አወጣኋት። አባባም በራችን ላይ ቆመዋል። ጨረቃዋ ሳምንቷን ይዛ መሐል ሰማይ ላይ ናት። ሰሚያ አንገቷን ወደ ኋላ ጣለች፤ አፏን ከፈተች። ጣቴን አልቀሰርኩላትም።

«እማ» አለች እንደ መቆጣት ብላ፣ «ወፍራም ናት እኮ!»